የእትዬ ባየች አራተኛ አንቀጽ

በአገራችን ሰጪ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰጥቶ ይረሳል። እንዲህ ያለ ሰው በዕድሜዬ የገጠመኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም የሰጠኝ ጃንጥላ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው ሰጥቶ አይለቅም። ይህኛው በየሰፈሩ አለ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አለ፣ እርስዎም ያውቁታል። ለሠርግዎ ድስት የሰጡዎት አክስትዎ ከአሥር ዓመት በኋላ ሊጠይቁዎት ሲመጡ ወንበር ሳይዙ ዓይናቸው ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል፤ ድስቱን ሳያገኙት ስለ ጤናዎ አይጠይቁም። ሹራብ የሰጠዎት የሥራ ባልደረባ መንገድ ላይ ሲያገኝዎት መጀመሪያ ክርንዎን ያያል፤ ከዚያ ነው እጁን ለሰላምታ የሚዘረጋው።

የነዚህ ሁሉ የበላይ የሚኖሩት ጭሮ ነው፤ እሳቸው ግን ከተማዋን እስከ ዛሬ «አሰበ ተፈሪ» ነው የሚሏት። ክብርት እትዬ ባየች ይባላሉ። ድስት አይሰጡም፣ ሹራብም አይሰጡም። የሚሰጡት ድመት ነው።

ድመት ስል ሥጋ ቤት ደጃፍ የምታንዣብበውን ማለቴ አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣ አንድ የውጭ አገር ኢንጂነር እትዬ ባየች ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይቶ ነበር። ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ወንድና ሴት ሁለት የፋርስ ድመቶች ትቶላቸው ሄደ፤ ጠጉራቸው መሬት የሚጠርግ፣ አፍንጫቸው ወደ ውስጥ የገባ፣ ፊታቸው ምሳ ሰዓት ያለፈበት ዳኛ የሚመስል። ድመቶቹን ብቻ ቢተውላቸው ኖሮ እኔም ይህን አልጽፍም ነበር። ግን አብሮ ወረቀት ሰጣቸው። የሁለቱም ድመቶች እናት፣ አባት፣ አያትና ቅድመ አያት በስም የተዘረዘረበት፣ ከታች ማኅተም ያረፈበት ወረቀት።

እትዬ ባየች ደግሞ ጡረታ የወጡት ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ሆነው ሠርተው ነው። ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የጻፉት የፍቺ አቤቱታ ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት እጃቸው ከገባ ዝም ብለው አያስቀምጡትም፤ መዝገብ ይከፍቱለታል። ወረቀቱን በአንድ የእንግሊዝኛ መምህር ሲያስተረጉሙት የሁለቱ ድመቶች ሴት አያት አንዲት መሆኗ ተደረሰበት። ያን ቀን እትዬ ባየች ምሳ አልበሉም ይባላል። ሰባት ቤት ሳይቆጠር በእሳቸው ግቢ ጋብቻ አይፈጸምም፤ ከፋርስ ይምጡ ከሌላ አገር። ወንዱን በአንድ ክፍል፣ ሴቷን በሌላ ክፍል ቆለፉ። በሳምንቱ ወንዱን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጠው በአውቶቡስ ድሬዳዋ ወረዱ። እዚያ አንድ ፋርማሲስት ተመሳሳይ ድመት እንዳለችው ሰምተው ነበር። ዘሯን አጠያይቀው፣ የሚያገናኝ ነገር አለመኖሩን አጣርተው ሙሽራዋን ይዘው ተመለሱ። ለሴቷም በዓመቱ ከሐረር ባል መጣላት።

ይኸው ዛሬ በጭሮ፣ በበዴሳ፣ በገለምሶ፣ እስከ መቻራ ድረስ ቡና መጋዘን ውስጥም ሆነ መምህራን ቤት አፍንጫዋ የገባ ድመት ካዩ የእትዬ ባየች መዝገብ ውስጥ አለች። የማን ልጅ እንደሆነች፣ መቼ እንደተሰጠች፣ ለማን እንደተሰጠች፣ የተቀባዩ ጠባይ ምን እንደሚመስል። በጠባይ ዓምድ ስር «ይረሳል»፣ «ድምፁን ከፍ ያደርጋል»፣ «ደህና ነው፣ ግን ሚስቱ ትሻላለች» የሚሉ ቃላት በዓይኔ አይቻለሁ።

ድመት የሚፈልግ ሰው ራሱ አይመጣም፤ ሽማግሌ ይልካል። ተቀባይነት ካገኘ አራት አንቀጽ ያለው ውል ይፈርማል። አንቀጽ አንድ፣ ወተት ፈልቶ ቀዝቅዞ ይሰጣታል። አንቀጽ ሁለት፣ ያለ ሰጪ ፈቃድ አትዳርም። አንቀጽ ሦስት፣ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተቀባይ ስልኩን ያነሳል። አንቀጽ አራት እትዬ ባየች ቆመው የሚያነቡት ነው፦ «ተቀባይ ድመቷን መያዝ ቢያቅተው ለሦስተኛ ወገን አሳልፎ መስጠት ክልክል ሆኖ፣ ለሰጪ ይመልሳል።» በዚህ አንቀጽ የተመለሱ ድመቶች ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል ትራስ ትራስ ተሰጥቷቸው ምደባ ይጠብቃሉ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ አገሬ ደሴ ነው፤ ጭሮ የተመደብኩት የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። በመጣሁ በሁለተኛው ወር አይጥ የአሥረኛ ለ ክፍልን የፈተና ወረቀት ከነመልሱ በላብኝ። ለቤት አከራዬ ለአቶ ተሻለ ብነግራቸው «ድመት ነዋ» አሉ። አቶ ተሻለ በዚያው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የሠሩ፣ ከእትዬ ባየች ጋር ጡረታ የወጡ፣ ንግግራቸው እጅግ ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። ሽማግሌዬ ሆነው ሄዱ፤ በሦስተኛው ሳምንት እትዬ ባየች ቤቴን ሊያዩ መጡ።

ፍራሼን ገለበጡ። የወተት ጣሳዬን አሸተቱ። የመስኮቱን መቀርቀሪያ ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉ።

«ጎረቤትህ ውሻ አለው?»

«የለውም፣ እትዬ።»

«ስትቆጣ ምን ትወረውራለህ?»

«ምንም አልወረውርም።»

«ምሳህን ማን ያበስልልሃል?»

«ራሴ ነኝ።»

ድስቴን ከፍተው አዩና መልሰው ከደኑት። ከዚያ ለአቶ ተሻለ «ይህ ልጅ በዚህ ዓይነት የሚቆይ አይመስለኝም» አሏቸው። አቶ ተሻለ «ይመዝገብ» አሉ። በሳምንቱ ድመቷ ተሰጠችኝ።

ቀኑን ሙሉ ሶፋው መደገፊያ ላይ ተዘርግታ ስለምትውል ዳንቴል አልኳት። እውነቱን ልናገርና፣ አይጥ አትይዝም። የመጀመሪያው አይጥ ሲመጣ ቁም ሳጥን ላይ ወጥታ እኔን አየችኝ፤ እኔም ወንበር ላይ ወጥቼ እሷን አየኋት። አይጡ ሥራውን ሠርቶ ሄደ።

እሑድ ስምንት ሰዓት ግን ስልኩ ሳይደወል ቀርቶ አያውቅም። እትዬ ባየች ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ ምሳቸውን በልተው፣ መዝገቡን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ነው የሚደውሉት። ሰላምታ የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«በላች ወይስ ቀመሰች?»

ልዩነቱን ለመማር አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። መብላት ማለት ሳህኑ ተልሶ ማለቅ ነው። ከዚያ ያነሰ ሁሉ መቅመስ ነው፤ ከቀመሰች ምርመራ ይከፈታል። ምን ሰጠሃት፣ ማን ሰጣት፣ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነበር ወይ፣ አንተስ ያን ቀን ምን ሆነህ ነበር። እኔ ምን ሆኜ እንደነበር ከድመቷ ሆድ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቄ አላውቅም። የፊዚክስ መምህር ብሆንም ሁሉን ነገር ምክንያት ፈልጌለት አልዘልቀውም ብዬ ተውኩት።

ድንገተኛ ጉብኝትም አለ። አንድ ጊዜ በሁዳዴ ጾም መሃል ታይፎይድ ይዞኝ ሦስት ቀን ተኛሁ፤ እሑድ ስልኩን ለማንሳት አቅም አጣሁ። ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ባየች ገቡ፤ እኔን አላዩኝም፤ ዳንቴልን አንስተው ክብደቷን በእጃቸው መዘኑና «ከስታለች» አሉ። ዳንቴል ያን ጊዜ ሁለት ሰው የሚሸከማት ነበረች። ከሰዓት በኋላ በፔርሙስ የሥጋ ሾርባ ይዘው ተመለሱ። አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ሾርባውን በጎድጓዳ ሳህን ቀድተው ማንኪያ አስገቡበት።

«ጾም ነው እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ሾርባው የድመቷ ነው። ድመት አትጾምም።»

«ድመት በማንኪያ አትበላም።»

«ዛሬ ትበላለች» አሉና ማንኪያውን ወደ እኔ አፍ አስጠጉት።

አምስት ቀን ሙሉ የዳንቴልን ሾርባ ጠጣሁ። ሳህኑን እያዩ «በላች» ይላሉ፣ መዝገባቸው ላይ ይጽፋሉ፣ ፔርሙሱን ይዘው ይሄዳሉ። ዳንቴል ሶፋው ላይ ሆና የሆነውን ሁሉ ትከታተል ነበር፤ ምስክር ብትጠራ የምትለውን እንጃ።

ችግር የመጣው ሳገባ ነው። ባለቤቴ እፀገነት የአዳማ ልጅ ናት፤ ሥራዋም እዚያው ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ጭሮ በመጣች ቁጥር የዳንቴል ጠጉር ደረቷን ይዟት፣ ሁለተኛውን ቀን ግቢ ውስጥ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነው የምታሳልፈው። እንደዚያ ሆነን ሁለት ዓመት ኖርን፤ እሷ አዳማ፣ እኔ ጭሮ፣ ዳንቴል ሶፋ ላይ። በሦስተኛው ዓመት የዝውውር ማመልከቻዬ ተፈቀደ። ደብዳቤው እስከ ነሐሴ አንድ ድረስ አዳማ ቀርቤ ሪፖርት ካላደረግሁ ዝውውሩ እንደሚሰረዝ ይናገራል። ደብዳቤው የደረሰኝ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። እፁ በስልክ ስነግራት አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ስልኩን ስዘጋ ዳንቴል ታየኛለች።

ያን ጊዜ ማድረግ የነበረብኝ ቀጥ ብሎ እትዬ ባየች ዘንድ መሄድ ነበር። ፈራሁ። ከመለሱ ሰዎች ወሬ እንደሰማሁት፣ ድመት መመለስ ማለት ድመት ከመጠየቅ አሥር እጥፍ ይከብዳል፤ አንድ የባንክ ሠራተኛ ጉዳዩ ሳያልቅ ዓመት ከመንፈቅ ተጉላልቶ በመጨረሻ ድመቱን ይዞ ጡረታ ወጥቷል ይባላል። እኔ የነበረኝ ሁለት ሳምንት ነው። ገለምሶ ካፌ ያላት ሶፊ የምትባል የማውቃት ልጅ ደግሞ የዳንቴልን ፎቶ አይታ «ስትሄድ ለእኔ» እያለች ስትለምነኝ ከርማለች። አራተኛውን አንቀጽ አስታወስኩት። ማን ያውቃል ብዬ ረሳሁት።

ዳንቴልን የብስኩት ካርቶን ውስጥ አስገብቼ፣ ጎኑን በእስክሪብቶ በሳስቼ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ለገለምሶ ሚኒባስ ሾፌር ሰጠሁት። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ባየች ናቸው። ካርቶኑን ታቅፈውታል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሾፌሩ በዴሳ ላይ ሻይ ሊጠጣ ሲቆም ካርቶኑ ሲናገር ሰማ። ከፍቶ አፍንጫዋን ሲያይ ዘሯን አወቀ፤ እናቱ ቤት የዳንቴል አክስት አለች። አክስቲቱ በአንቀጽ ሦስት የምትተዳደር ስለሆነ የእትዬ ባየች ስልክ ሾፌሩ እጅ ላይ ነበር። ወደ ጭሮ በሚመለሰው በመጀመሪያው መኪና ዳንቴል የፊት ወንበር ተሰጥቷት ተመለሰች።

«መምህር ነቢዩ» አሉኝ እትዬ ባየች። ከዚያ በፊት ነቢ እንጂ ሌላ ጠርተውኝ አያውቁም። «ይህ ካርቶን የማን ነው?»

«የብስኩት ነው።»

ካርቶኑን እግሬ ስር አስቀመጡት። ከዚያ «ሦስተኛ ወገን» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ሰድበውኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ በዚያ ከተማ ከዚያ በላይ አፍሬ አላውቅም።

ቅጣቱ ሽምግልና ሆነ። በእሳቸው ሥርዓት ማንም ሰው ድመት ዝም ብሎ አይመልስም፤ መጀመሪያ ሽማግሌ ተቀምጦ ሁለቱን ለማስታረቅ ይሞክራል። ለሠላሳ አንድ ዓመት ሰው እንዴት እንደሚለያይ ሲጽፉ የኖሩ ሴት፣ ያለ እርቅ ሙከራ የሚደረግ ፍቺ አይዋጥላቸውም። ለእሑድ ሐምሌ ሃያ ስድስት ተቀጠርኩ። ከዚያ በኋላ ዝውውሬ ሊሰረዝ የሚቀረው አምስት ቀን ነው።

በአቮካዶው ዛፍ ስር ሦስት ወንበር ተደርድሯል። በመሃል እትዬ ባየች። በቀኝ አቶ ተሻለ። በግራ ኦቦ አብዱልቃዲር፣ የመቻራው ቡና ነጋዴ፤ የዳንቴል ወንድም መጋዘናቸው ውስጥ ስላለ የቤተሰብ ወገን ሆነው ነው የተጠሩት። ኦቦ አብዱልቃዲር አማርኛን የተማሩት ገበያ ላይ ነው፤ ለትልቁም ለትንሹም «አንተ» እና «አንቺ» ነው፤ ማንም ግን ቅር ብሎት አያውቅም። ዳንቴል ለብቻዋ ትራስ ላይ ተቀምጣለች።

«ያ ነቢዩ» ብለው ጠሩኝ ኦቦ አብዱልቃዲር፣ «ይቺ ድመት ምን አጠፋች? ተናገር።»

«ምንም አላጠፋችም፣ ኦቦ። ዝውውር ደርሶኝ ነው። ባለቤቴ ደግሞ አስም...»

«ዝውውር ጥፋት አይደለም» አሉ እትዬ ባየች። «አስምም የድመቷ ጥፋት አይደለም። አመልካች ጥፋቷን ይናገር።»

«አይጥ አትይዝም» አልኩ።

«ወንድሟ ሦስት ዓመት እኔ ጋ ነው» አሉ ኦቦ አብዱልቃዲር። «ወላሂ አንድ አይጥ አልያዘም። ግን አይጦቹ ይኼን አያውቁም። ሌላ?»

«የተማሪ ደብተር ሳርም ደብተሩ ላይ ትተኛለች። እስክትነሳ መጠበቅ ነው።»

«ይመዝገብ» አሉ አቶ ተሻለ።

«ኮቴ ሁሉ ጠጉር ነው። ተማሪዎች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከጀርባዬ ይለቅማሉ።»

«ሌላ?»

«ጠዋት ጠዋት ደረቴ ላይ ወጥታ ፊቴን ታያለች። ዓይኔን እስክገልጥ ድረስ አትወርድም።»

«ለምን?»

«እንጃ፣ ኦቦ። በሕይወት መኖሬን የምታጣራ ይመስለኛል።»

ኦቦ አብዱልቃዲር ወደ አቶ ተሻለ ዞሩ። «ይኼን እኔ ሚስትም አታደርግልኝም» አሉ።

ሌላ ጥፋት ፈለግሁ። ከትምህርት ቤት ደክሞኝ ስገባ በር ላይ እንደምትጠብቀኝ ልናገር ነበር፤ ይህ ጥፋት አለመሆኑ ገባኝ። እትዬ ባየች ብድግ ብለው «አሁን ተጠሪን ለብቻ እንሰማለን፤ አመልካች ይውጣ» አሉ።

አጥሩ ሥር ሩብ ሰዓት ያህል ቆምኩ። እዚያ ምን እንደተባለ እስከ ዛሬ አላውቅም። ተጠርቼ ስገባ ግን ኦቦ አብዱልቃዲር ፊታቸውን አጥቁረውብኝ ነበር።

ከዚያ የእትዬ ባየች ጥያቄ ሆነ። አዳማ ያለው ቤት ስንት ክፍል ነው? መስኮቱ ወደየት ነው? ሙቀት የለም ወይ? ባለቤትህ ከሥራ ስንት ሰዓት ትገባለች? ማን ያበስላል? ስትቆጣ ትጮሃለች ወይስ ዝም ትላለች? ድመቷ ለማትሄድበት ቤት ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል ብዬ ገረመኝ፤ የልማድ ነገር ሆኖባቸው ነው ብዬ ሁሉንም መለስኩ። በመጨረሻ «ለመዝገቡ የባለቤትህን ስልክ» አሉ። ሰጠኋቸው።

«እርቅ አልተቻለም» አሉ እትዬ ባየች። «ጥፋት የሠራ ወገን ባለመኖሩ መለያየቱ ጸድቋል።»

«ኤዬ፣ እሺ» አሉ ኦቦ አብዱልቃዲር፣ ደስ ሳይላቸው።

«ይመዝገብ» አሉ አቶ ተሻለ።

እኔ እትዬ ባየች ጥቂት ነገር ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሰባት ዓመት በየእሑዱ ተነጋግረናል፤ «ደህና ሁን ልጄ» ማለት እንኳ ወግ ነው። እሳቸው ዳንቴልን ከትራሷ አንስተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ክፍሉ እየገቡ «ሂድ፣ መኪናው እንዳያመልጥህ» አሉኝ። በሩ ተዘጋ። መኪናው የሚነሳው ከሦስት ቀን በኋላ መሆኑን ለሁሉም ነግሬያለሁ። ዳንቴልም ዞር ብላ አላየችኝም። በሦስተኛው ቀን ከሚኤሶ ጀምሮ አሰቦትን እስክናልፍ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሲያየኝ የቆላ አቧራ ነው አልኩት። ሰው ድመት ቢሰጥ እንዲህ ይሆናል ብሎ የነገረኝ የለም። ይበልጥ የከነከነኝ ግን ድመቷ አልነበረችም። ለካ ሴትዮዋ ሰባት ዓመት ሲደውሉ ለድመቷ ብቻ ኖሯል፤ ድመቷ ስትመለስ የእኔ ጉዳይ ተዘጋ ብዬ ነው።

አዳማ በገባሁ በመጀመሪያው እሑድ እፁ ምሳ አቀረበች። የፍልሰታ ጾም ነው፤ ሽሮና ጎመን። ስምንት ሰዓት ሲሆን ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ስምንት ከአምስት ሆነ። ስልኬ ዝም አለ። ለራሴ ቂል አትሁን አልኩት፤ ስለ ምን ብለው ይደውላሉ? እዚህ የምትበላ ድመት የለችም።

ስልክ ተደወለ፤ የእፁ ነው። አየችውና ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ቆመች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ» አለች። «አዎ፣ አሁን ጨረስን። ... አንድ እንጀራ ተኩል። ... የለም፣ በልቷል፤ አልቀመሰም። ሳህኑን አይቻለሁ።»

ብርጭቆዬን አስቀምጬ ወደ እሷ ተጠጋሁ።

«ትናንት ትንሽ ፈዞ ነበር፤ ዛሬ ደህና ነው። ... መስኮቱ ክፍት ነው። ... ሶፋው ላይ ነው የሚውለው፣ አዎ። ... እሺ፣ ሾርባ እሠራለሁ። እንዴ ጾም ... እሺ፣ እንደሱ ከሆነ እሺ።»

«ስጪኝ» አልኳት፣ እጄን ዘርግቼ። እፁ ስልኩን በመዳፏ ሸፈነችና «ነቢዩ ያናግርዎት ወይ?» ብላ ጠየቀች። ጥቂት አዳመጠች። ሳቋን ዋጥ አደረገች። ደህና ይዋሉ ብላ ዘጋች።

«አያስፈልግም አሉ» አለችኝ። «ስለ ዳንቴል ስጠይቅ ከዳንቴል ጋር ነበር እንዴ የማወራው አሉ።»

ነገሩን ቀስ በቀስ ከአፏ አወጣሁት። የሽምግልናው ዕለት፣ እኔ ገና ቤቴ ሳልደርስ፣ እትዬ ባየች አዳማ ደውለውላት ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ መርምረዋታል። ጎረቤት ውሻ እንዳለው ጠይቀዋታል። ስትቆጣ ምን እንደምትወረውር ጠይቀዋታል። የታይፎይዱን ዘመን ነግረዋታል፤ ማታ ሳልበላ መተኛት እንደምወድ፣ ሲከፋኝ ደህና ነኝ እያልኩ እንደምዋሽ፣ ድስቴን ከፍተው ያዩበትን ቀንም አልቀረም። ሲጨርሱ ጎረቤቷን እማኝ አስጠርተው ውሉን በስልክ አነበቡላት። ለእኔ የሚመች እንዲሆን ወተቱን በሽሮ ቀይረውታል፤ የቀረው እንዳለ ነው።

«ፈረምሽ?»

«በቃሌ። ወረቀቱ በመኪና ይመጣል ብለዋል።»

«አራተኛውንም አንቀጽ?»

እፁ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረች። «እሱንማ መጀመሪያ ነው ያነበቡልኝ» አለች። «ካልቻልኩህ ለሌላ እንዳልሰጥህ። ለእሳቸው እንድመልስህ።»

ሰባት ዓመት ድመት የተሰጠኝ ሰው ነኝ ብዬ ስኖር፣ ለካ የሚሰጠው እኔ ራሴ ኖሬያለሁ። እትዬ ባየችን እወዳቸዋለሁ፤ በዚያ ቀን ነው ያወቅሁት፣ ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም፤ እኔን ለማናገር ፈቃደኛ አይደሉም።

አሁን እሑድ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሶፋው ላይ ጋደም እላለሁ። እነሱ ስለ እኔ ያወራሉ። እኔ ዳንቴል ታደርግ እንደነበረው ዓይኔን ጨፍኜ ያልሰማሁ እመስላለሁ። ሳህኔን ግን ጨርሼ ነው የምጠብቃቸው።